ቀበና ወንዝ ላይ የውሃ ከፍታና የፍሰት መለኪያ፦ ከድልድይ ላይ ራዳር ወይስ ውሃ ውስጥ የሚገባ ሴንሰር?

ቀበና ማዶ — ግንቦት 4፣ ከምሽቱ 2፡20

ሰላም ለሁላችሁ። ቀበና ወንዝ ላይ፣ መሃል ከተማ ካሉት ድልድዮች በአንዱ፣ የውሃውን ከፍታ በራሱ የሚመዘግብ ጣቢያ ክረምት ሳይገባ ለማቆም እየተዘጋጀን ነው። ቦታው ይህን ይመስላል። የድልድዩ ወለል ከወንዙ አልጋ 6 ሜትር ያህል ይርቃል። ሥሩ 8 ሜትር ስፋት ያለው የኮንክሪት ንጣፍ ነው። ንጣፉ በወራጁ በኩል ሲያልቅ ግማሽ ሜትር ገደማ ወርዶ ድንጋያማ አልጋ ላይ ይፈሳል። በግራ የድንጋይ ግንብ አለ፣ በቀኝ ደግሞ አፈር ነው። በበጋ ውሃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። ሲሞላ ግን ግንቡ ላይ ከ2 ሜትር በላይ ምልክት ትቶ ይታያል።

ሦስት ነገር ግልጽ አልሆነልንም። የትኛው ሴንሰር ይሻላል? በየስንት ደቂቃው ይመዝግብ? ከፍታውን ወደ ፍሰት መጠን የምንቀይረውስ በምን መንገድ ነው?

ውሃ ልክ — ግንቦት 4፣ ከምሽቱ 3፡05

ለዚህ ወንዝ ራዳር፤ ከድልድዩ ላይ ሆኖ ውሃውን ሳይነካ በሬዲዮ ሞገድ ርቀቱን የሚለካው። የከተማ ወንዝ ውስጥ የሚቀመጥ ማንኛውም ነገር ፌስታል፣ ጨርቅና ሃይላንድ ይጠመጠምበታል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ድንጋይ ይመታዋል።

ዋጋው ስለሚቀንስ አልትራሶኒክ (በድምፅ ሞገድ ርቀት የሚለካ ሴንሰር) ለመግዛት ካሰባችሁ ይህን አስሉ። የድምፅ ፍጥነት በአየር ሙቀት ይለወጣል፤ በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.17 በመቶ ያህል ልዩነት አለው። እናንተ ጋ ከሴንሰሩ እስከ ውሃው 6 ሜትር ነው። ሴንሰሩ ያነበበው ሙቀትና የእውነተኛው አየር ሙቀት በ10 ዲግሪ ቢለያዩ ስህተቱ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። የአዲስ አበባ ፀሐይ ቀትር ላይ የሴንሰሩን ቆርቆሮ እያጋለ፣ ከታች ያለው የወንዙ አየር ቀዝቃዛ ስለሚሆን ይህ በየቀኑ የሚያጋጥም ነገር ነው። በግራፉ ላይ በየቀኑ ቀትር ገደማ ውሃው የጨመረ ወይም የቀነሰ መስሎ ይታያል። ራዳር ይህ ችግር የለበትም።

ስትገዙ የጨረሩን አንግል እዩ። 12 ዲግሪ ከሆነ ከ6 ሜትር ላይ ውሃው ላይ የሚያርፈው ክብ 1.25 ሜትር ያህል ስፋት አለው። በዚያ ክብ ውስጥ ግንብ፣ ቅርንጫፍ ወይም የድልድዩ እግር ከገባ ሴንሰሩ እሱን ነው የሚለካው። ስለዚህ ከግንቡ ቢያንስ አንድ ሜትር አርቁት። 8 ዲግሪ የሆነው ክቡን ወደ 85 ሴንቲ ሜትር ያጠብበዋል።

እንጦጦ ሥር — ግንቦት 5፣ ከጠዋቱ 1፡40

በከፊል አልስማማም። የውሃ ግፊት የሚለካው ሴንሰር ዋጋው ይቀንሳል፣ ኤሌክትሪክ ብዙ አይፈጅም፣ ከመንገድ ስለማይታይ ለሌባም አይመችም። በግራ በኩል ግንብ ካለ 2 ኢንች ጋልቫናይዝድ ቧንቧ ከታች እስከ ላይ በግንቡ ላይ አስሮ፣ የታችኛውን 50 ሴንቲ ሜትር በ10 ሚሊ ሜትር ቀዳዳዎች በስቶ፣ ሴንሰሩን በውስጡ ማውረድ ይቻላል። ቧንቧው ከሚመታው ድንጋይ ይከላከለዋል። ፌስታሉም ቧንቧው ላይ ቢጠመጠም ሴንሰሩን አይነካውም።

ውሃ ልክ — ግንቦት 5፣ ከጠዋቱ 3፡15

ቧንቧው ጥሩ ሐሳብ ነው። ችግሩ ደለሉ ነው። አንድ ጎርፍ ካለፈ በኋላ የታችኛው ቀዳዳ በጭቃ ይደፈናል፤ ከዚያ ውሃው ሲወርድ ቧንቧው ውስጥ ያለው አብሮ አይወርድም። ግራፉ ሽቅብ ሲሄድ ቀጥ ይላል፣ ሲወርድ ግን እንደ ጅራት ይጎተታል። ያን ጅራት ያየ ሰው ወንዙ ቀስ ብሎ ጎደለ ብሎ ያምናል።

ሌላው አየሩ ነው። ይህን እዚህ ከተማ ውስጥ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። አየር ማስገቢያ ቱቦ የሌለው ሴንሰር የሚለካው የውሃና የአየር ግፊትን በአንድ ላይ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከ760 እስከ 770 ሄክቶፓስካል አካባቢ ነው። አንድ ሄክቶፓስካል ማለት አንድ ሴንቲ ሜትር ውሃ ያህል ነው። የባሕር ጠለሉን 1013 ወስዶ የቀነሰ ሰው ውሃውን በ2.5 ሜትር አሳንሶ ያገኘዋል፤ ከወንዙ አልጋ በታች ማለት ነው። የስልክ የአየር ሁኔታ አፕ የሚያሳየውም ወደ ባሕር ጠለል የተቀየረ ቁጥር ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የግድ ሁለተኛ ሴንሰር አየር ላይ፣ እዚያው ድልድዩ ሥር፣ ጥላ ውስጥ ይሰቀል። ያ ከሌለ ግፊቱ በቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ ከፍና ዝቅ ስለሚል በበጋው ዝቅተኛ ውሃ ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል የሐሰት ሞገድ ይታያል።

አየር ማስገቢያ ቱቦ ያለው ከሆነ ይህ ሁሉ ይቀራል፤ ግን የቱቦው ጫፍ ላይ ያለችው እርጥበት መምጠጫ ሲሊካ በሐምሌና ነሐሴ ቶሎ ትሞላለች። ቀለሟ ሲለወጥ ካልቀየራችኋት ጠል ቱቦው ውስጥ ገብቶ ይዘጋዋል። በክረምት በየሁለት ሳምንቱ ማየት ያስፈልጋል።

እንጦጦ ሥር — ግንቦት 5፣ ከጠዋቱ 4፡00

የደለሉን ነገር እቀበላለሁ። እንግዲያው ዋናው ራዳር ይሁንና ቧንቧው ውስጥ ያለው ማረጋገጫ ይሁን። ሁለቱ በ5 ሴንቲ ሜትር ከተለያዩ አንዱ ታሟል ማለት ነው፤ ያን ያህል ጥቅም አለው።

ሽቦና ብየዳ — ግንቦት 5፣ ከቀኑ 7፡30

ስለ አሰቃቀሉ። ሴንሰሩን የሚሸከመው ክንድ 60 በ40፣ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አርኤችኤስ (ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) ይሁን፣ ከድልድዩ ዳር መከላከያ ሐዲድ 1.20 ሜትር ወደ ውጭ ይውጣ። ቀጭኑ 1.5 ሚሊ ሜትሩ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ይርገበገባል፤ ንባቡም አብሮ ይርገበገባል። ክንዱን በማጠፊያ ሥሩት፤ ሴንሰሩን ለማጽዳት ወደ ድልድዩ ስትስቡት ሰው ከሐዲዱ ውጭ መንጠልጠል የለበትም። ግን ሲመለስ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ እንዲያርፍ 12 ሚሊ ሜትር ቡሎን የሚገባበት ቀዳዳ ይኑረው፤ አለበለዚያ በተከፈተ ቁጥር ዜሮው ይለወጣል። ሴንሰሩ በውሃ ልክ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይይ።

ኮንክሪቱን አትብሱ። ድልድዩ የከተማው መንገዶች ባለሥልጣን ንብረት ስለሆነ ፈቃድ በጽሑፍ ያስፈልጋል። ፈቃድም ኖሮ ፊሸር ከመምታት ሐዲዱን ከሁለት ወገን የሚቆነጥጥ ላሜራ በአራት ቡሎን ማሰር ይሻላል። ቡሎኖቹን ካጠበቃችሁ በኋላ የብየዳ ነጥብ አድርጉባቸው፣ አይፈቱም።

ሣጥኑ 2 ሚሊ ሜትር ላሜራ፣ ቁልፉ በላሜራ የተሸፈነ፣ የገመዱ መግቢያ ከታች ይሁን። ከላይ ወይም ከጎን የገባ ገመድ ውሃውን እየመራ ያስገባል።

ባትሪውን እንዲህ አስሉት። ሎገሩ (ንባቡን የሚመዘግበው መሣሪያ) ሲተኛ 5 ሚሊአምፔር ከወሰደ በቀን 120 ሚሊአምፔር ሰዓት ነው። ሞደሙ በየሰዓቱ ለ2 ደቂቃ 150 ሚሊአምፔር ቢወስድ ሌላ 120። ራዳሩ በየ5 ደቂቃው ለ15 ሰከንድ 20 ሚሊአምፔር ቢወስድ 24 ብቻ። ድምሩ 264። ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ግማሹን ብቻ ብትጠቀሙ ያለ ፀሐይ 13 ቀን ያቆያል። 10 ዋት ፓነል ይበቃል። ሰው ሁሉ ስለ ራዳሩ ይጨነቃል፣ ባትሪ የሚጨርሰው ግን ኔትወርክ ሲጠፋ ያለ ማቋረጥ የሚፈልገው ሞደም ነው። ከ3 ደቂቃ በላይ ካላገኘ ይጥፋና በሚቀጥለው ሰዓት ይሞክር ብላችሁ አዙት።

ፓነሉን ብዙ አታጋድሉት። እኛ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆንን ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ገደማ የቀትር ፀሐይ በስተሰሜን ነው የምታልፈው። ወደ ደቡብ 30 ዲግሪ የተጋደለ ፓነል በጣም በሚፈለግበት ወር ጀርባውን ሰጥቷት ይቆማል። አቧራው በዝናብ እንዲታጠብ ያህል 10 ዲግሪ ይበቃዋል።

ክረምት በጋ — ግንቦት 6፣ ከጠዋቱ 2፡10

ስለ ሴንሰሩ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው ከእሱ የሚቀድመውን ነው። ሴንሰር ይበላሻል፣ ይሰረቃል፣ በሌላ ይተካል። መዝገቡን ከዓመት ዓመት አንድ አድርጎ የሚያቆየው ዜሮው ነው፤ ከፍታው ሁሉ የሚቆጠርበት መነሻ ማለት ነው። ዜሮው ከጠፋ የአሥር ዓመት ቁጥር እርስ በርሱ የማይገናኝ አሥር ቁራጭ ይሆናል።

መጀመሪያ ቤንችማርክ (ከፍታው የታወቀ ቋሚ ምልክት) ትከሉ፣ ሦስት። አንዱ ድልድዩ መነሻ ኮንክሪት ላይ፣ አንዱ ከወንዙ ርቆ ባለ አሮጌ ሕንፃ መሠረት ላይ፣ አንዱ ከሥሩ የማይነቃነቅ ሕያው ድንጋይ ላይ። ሦስቱም አንድ ግንብ ላይ ከሆኑ ግንቡ ሲናድ ሦስቱም አብረው ይሄዳሉ። መሃል ከተማው ውስጥ የወንዝ ዳር ልማትና የመንገድ ሥራ ስለሚካሄድ ቢያንስ አንዱ ከግንባታው ክልል ውጭ ይሁን።

ቀጥሎ ስታፍ ጌጅ፣ ማለት የውሃው ከፍታ በዓይን የሚነበብበት ሰሌዳ። ባለ አንድ ሜትር የኢናሜል ሰሌዳዎች፣ በሴንቲ ሜትር የተከፈሉ፣ ግንቡ ላይ አንዱ ከአንዱ ተያይዘው። ለእናንተ ሦስት ሰሌዳ ያስፈልጋል፤ አራተኛ ቢጨመር አይከፋም። ዜሮው ከንጣፉ ጫፍ 50 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፤ ማለት የኮንክሪቱ ጫፍ ጌጁ ላይ 0.50 ያነብባል። ይህን የምታደርጉት ወደፊት ንጣፉ ቢሰበርና ውሃው ዝቅ ቢል ከዜሮ በታች ንባብ እንዳይመጣ ነው። ከዜሮ በታች የሆነ ንባብ በወረቀት ላይ የመቀነስ ምልክቱ ይጠፋና ከዜሮ በላይ ሆኖ ይመዘገባል።

ሌቭል (የከፍታ ልዩነት መለኪያ መሣሪያ) ይዛችሁ ከቤንችማርክ ወደ ጌጁ፣ ከጌጁ ወደ ሴንሰሩ መሰቀያ፣ ተመልሳችሁም ወደ ቤንችማርኩ ዝጉ። የመዝጊያ ስህተቱ ከ3 ሚሊ ሜትር ካለፈ ድገሙት። ይህ በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ ሰኔ ግም ከማለቱ በፊትና ከመስቀል በኋላ።

ሴንሰሩ የሚሰጠው ቁጥር ሁልጊዜ ከጌጁ ጋር ይመሳከር። የሚታመነው ጌጁ ነው። በዝቅተኛ ውሃ ልዩነቱ ከ1 ሴንቲ ሜትር አይለፍ፤ ውሃው ሲናወጥ 3 ሴንቲ ሜትር ይፈቀዳል። ልዩነት ስታዩ ወዲያው ሴንሰሩን አታስተካክሉ። ሰዓቱን፣ የጌጁን ንባብና የሴንሰሩን ንባብ ጻፉ፤ ማረሚያው በኋላ በሌላ ዓምድ ይሠራል። ጥሬው ቁጥር አይነካም።

ካርታ ሥራ — ግንቦት 6፣ ከጠዋቱ 4፡25

ስለ ሰዓት ካልተነሳ ልጨምር፤ እዚህ አገር መዝገብ ከሚያበላሹት ዋነኞቹ አንዱ ነው። አንድ ጎርፍ ሐምሌ 12 ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ቢመጣ ታዛቢው 9፡00 ብሎ ይጽፋል። በኮምፒውተሩ ሰዓት 15፡00 ነው። ሎገሩ በዓለም አቀፉ ሰዓት ከተሞላ 12፡00 ይላል። አንድ ጎርፍ፣ ሦስት ሰዓት። ዝናቡን በአንዱ፣ ወንዙን በሌላው ከመዘገባችሁ ጎርፉ ከዝናቡ ቀድሞ ይመጣል።

የሌሊቱ ደግሞ ይብሳል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ያነበበ ሰው ገና አልነጋምና የትናንቱን ቀን ይጽፋል፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ግን ቀኑ ተለውጧል። ስለዚህ ሎገሩን በአንድ ሰዓት ሙሉትና የትኛው እንደሆነ በፋይሉ መጀመሪያ መስመር ላይ ጻፉት። የታዛቢው ቅጽ ላይ «ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ፣ ሌሊት» የሚል ዓምድ ይኑር። ጳጉሜንን ወደ ነሐሴ ወይም ወደ መስከረም የሚደርብ ቅጽም አይቀበሉት፤ አምስቱ ቀን፣ አንዳንዴም ስድስቱ፣ ገና ወንዙ ሙሉ የሆነበት ጊዜ ነው።

ቀበና ማዶ — ግንቦት 6፣ ከምሽቱ 1፡50

ክረምት በጋ፣ ስለ ዜሮው የጻፉልን እቅዳችንን ከሥሩ ለውጦታል፤ ከልብ እናመሰግናለን። በየስንት ደቂቃው እንመዝግብ ለሚለውስ? በየጣቢያው የተለመደው ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ማንበብ ነውና በየሰዓቱ ቢሆን እንኳ ብዙ መስሎን ነበር።

እንጦጦ ሥር — ግንቦት 6፣ ከምሽቱ 2፡30

ለአዋሽ ዓይነት ትልቅ ወንዝ በቀን ሁለት ጊዜ ማንበብ ይሠራል። ለቀበና፣ ለግንፍሌና ለባንተይቀጡ አይሠራም። እንጦጦ ላይ የወረደው ውሃ አናቱን ለቆ ድልድያችሁ ሥር የሚደርስበትን ጊዜ በኪርፒች ቀመር ብታሰሉት፣ ርዝመቱን 10 ኪሎ ሜትር፣ የከፍታ ልዩነቱን 600 ሜትር ብላችሁ፣ 70 ደቂቃ ያህል ይመጣል። ቀመሩ የተሠራው ለገጠር ማሳ ነው። ከተማ ውስጥ በአስፋልትና በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የወረደው ከዚያም ይፈጥናል። ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ላይ ዘንቦ፣ 9 ሰዓት ሞልቶ፣ 11 ሰዓት ጎድሎ፣ 12 ሰዓት ላይ ታዛቢው ሲመጣ ያለፈውን ምልክት ብቻ ያገኛል። በየሰዓቱም ቢሆን ጫፉ በሁለት ንባብ መካከል ይጠፋል።

በየ5 ደቂቃው አድርጉት። ከፍታው በአንድ ንባብ ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከጨመረ ወደ 1 ደቂቃ ይሻገር፤ ለአንድ ሰዓት ለውጥ ከሌለ ይመለስ። እያንዳንዱ ንባብ በ15 ሰከንድ ውስጥ የተወሰዱ የ15 ንባቦች መካከለኛው ይሁን፤ አማካይ ሳይሆን በመጠን ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚገኘው። ተንሳፍፎ ያለፈ ግንድ አማካዩን ይጎትተዋል፣ መካከለኛውን አይነካውም።

ክረምት በጋ — ግንቦት 7፣ ከጠዋቱ 1፡20

አሁን ወደ ፍሰቱ። ከባዱ ሥራ ይህ ነው፤ ጊዜያችሁንና ገንዘባችሁን እዚህ ላይ አውሉ። ከፍታ ያለ ፍሰት ልኬት ሜትር ብቻ ነው።

ቦታችሁ ዕድለኛ ነው። የኮንክሪቱ ጫፍ ግማሽ ሜትር ስለሚወድቅ ውሃው እዚያ ላይ እንደ ሰፊ ግድብ ያልፋል። የመጀመሪያ ግምት እንዲህ ነው፦ ፍሰት እኩል ነው 1.7 ሲባዛ በስፋቱ፣ ሲባዛ ከጫፉ በላይ ያለው ከፍታ በ1.5 ኃይል። በ8 ሜትር ስፋት፣ ከጫፉ በላይ 30 ሴንቲ ሜትር ሲሆን 2.2 ሜትር ኩብ በሰከንድ፤ 1 ሜትር ሲሆን 13.6። ከፍታው የሚነበበው ጫፉ ላይ አይደለም፤ ውሃው እዚያ ተጎንብሷልና ጌጁና ራዳሩ ወደ ምንጩ በኩል ከፍ ብለው ይሁኑ።

ይህ ግምት በሁለት ጫፍ ይከዳችኋል። አንደኛው በጋ ነው። 8 ሜትር ስፋት ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ውሃ 70 ሊትር በሰከንድ ነው፤ 4 ሴንቲ ሜትር 109። የአንድ ሴንቲ ሜትር ስህተት ፍሰቱን በግማሽ ያዛባዋል። የበጋው ውሃ አብዛኛው ከየቤቱ የሚወጣ ፍሳሽ ስለሆነ ለብክለት ጥናት ትክክለኛው መጠን በጣም ይፈለጋል። ስለዚህ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ በ90 ዲግሪ በV ቅርጽ የተቆረጠ የላሜራ ግድብ በአሸዋ ከረጢት ደግፋችሁ ለመለኪያ ቀን ብቻ አቁሙ። በእሱ 20 ሴንቲ ሜትር ሲነበብ 25 ሊትር በሰከንድ፣ 30 ሲነበብ 68 ሊትር ነው። ሰላሳ ሴንቲ ሜትሩን ለመለካት ቢያንስ 1 ሜትር ወደ ኋላ ራቁ። ቁርጡ አንድ ፌስታል ሲይዝ ንባቡ ይሰረዛል፤ አጽድታችሁ፣ 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ እንደገና።

ሁለተኛው ጎርፍ ነው። ከታች ያለው ውሃ ሲሞላ ግማሽ ሜትሩ መውደቂያ ይሰምጣል፤ ከዚያ በኋላ ከፍታውን የሚወስነው ጫፉ መሆኑ ቀርቶ የወንዙ አልጋ ራሱ ነው። የሬቲንግ ከርቩ (ከፍታን ወደ ፍሰት የሚቀይረው መስመር) እዚያ ላይ ይታጠፋል። በሎግ ወረቀት ላይ ነጥቦቹን ስታስቀምጡ የታችኛው መስመር ኃይሉ 1.5 አካባቢ፣ የላይኛው 1.67 አካባቢ ይሆናል። አንድ መስመር በሁለቱም ላይ በግድ አታሳልፉ።

ልኬቱ ራሱ። በእግር መግባት ሲቻል ከረንት ሜትር (የውሃ ፍጥነት መለኪያ)። ስፋቱን ከ20 ባላነሱ ቦታዎች ክፈሉ፤ በ6 ሜትር ውሃ ላይ በየ30 ሴንቲ ሜትሩ ማለት ነው። አንዱ ክፍል ከጠቅላላው ፍሰት ከ10 በመቶ በላይ መያዝ የለበትም። ጥልቀቱ ከ75 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ፍጥነቱ ከላይ ወደ ታች በጥልቀቱ 0.6 ላይ ይለካል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ በ0.2ና በ0.8 ተለክቶ አማካዩ ይወሰዳል። እያንዳንዱ ነጥብ 40 ሰከንድ። ፕሮፔለር ያለው ሜትር በዚህ ወንዝ ክር እየተጠመጠመበት ቀስ ብሎ ይዞራልና በየአምስት ነጥቡ አውጥታችሁ በጣት አሽከርክሩት። ኤሌክትሮማግኔቲኩ ይመረጣል።

ሲሞላ ተንሳፋፊ። ከድልድዩ ወደ ምንጩ በኩል 20 ሜትር ለክታችሁ በሁለቱም ዳር ምልክት አድርጉ። ግማሹ ውሃ የተሞላ ሃይላንድ ተጠቀሙ፤ ባዶው በነፋስ ይገፋል። በግራ፣ በመሃልና በቀኝ ሦስት ሦስት ጊዜ። 20 ሜትሩን በ16 ሰከንድ ካለፈ የገጽታው ፍጥነት 1.25 ሜትር በሰከንድ ነው። ገጽታው ከአማካዩ ስለሚፈጥን በ0.85 ይባዛል፤ እንዲህ ድንጋያማና ጥልቀት በሌለው ላይ 0.8 ይሻላል፤ 1.0 ሜትር በሰከንድ ይሆናል። ያ በውሃው መቁረጫ ስፋት (ወንዙ በአግድም ቢቆረጥ የሚታየው የውሃ ስፋት) ሲባዛ፣ ለምሳሌ 3.2 ሜትር ካሬ ላይ፣ 3.2 ሜትር ኩብ በሰከንድ። የመጀመሪያው ክረምት ላይ ቢያንስ 12 ልኬት ፈልጉ፣ በተለይ ከፍ ካለው ውሃ። ከለካችሁት ትልቁ ፍሰት እጥፍ በላይ ከርቩን አታራዝሙ።

ሽቦና ብየዳ — ግንቦት 7፣ ከጠዋቱ 3፡00

ለጨው ዘዴስ? ጨው በትኖ ኮንዳክቲቪቲ (ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙን) መለካት ለድንጋያማ ወንዝ ይመከራል ሲባል ይሰማል።

ክረምት በጋ — ግንቦት 7፣ ከጠዋቱ 3፡35

እንጦጦ ላይ፣ ከቤቶቹ በላይ፣ ግሩም ነው። መሃል ከተማ ግን ፍሳሹ ራሱ ጨዋማ ነው፤ መነሻው ንባብ በደቂቃ ውስጥ ከፍ ዝቅ ይላል። የበተናችሁት ጨው ከአንድ ሰው ቤት ከወጣ የልብስ ማጠቢያ ውሃ አይለይም። ብትሞክሩትም ጨው ከመበተናችሁ በፊት ለ15 ደቂቃ መነሻውን መዝግቡ፤ ከተናወጠ ተዉት።

ስለ ደኅንነት አንድ ነገር። ጥልቀቱን በሜትር፣ ፍጥነቱን በሜትር በሰከንድ አባዙ። 0.9 ከደረሰ ማንም አይገባም፤ ታቹ በማይታይ ድንጋያማ አልጋ ላይ ደግሞ በ0.5 አቁሙ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል። ሰማዩ በእንጦጦ በኩል ከጠቆረ ድልድዩ ሥር ፀሐይ ቢሆንም ውጡ። አንድ ሰው ሁልጊዜ ወደ ምንጩ በኩል እያየ ይቁም። ውሃው የፍሳሽ ውሃ ነውና እስከ ደረት የሚደርስ ቡትስና ረጅም ጓንት፣ ቁስል ያለበት ሰው ጭራሹን አይግባ፤ የመንጋጋ ቆልፍና የታይፎይድ ክትባት አስቀድማችሁ ውሰዱ።

ካርታ ሥራ — ግንቦት 7፣ ከቀኑ 8፡15

ጎርፉ በሌሊት መጥቶ ሴንሰሩም ቢወድቅ ጫፉን የሚይዝ ርካሽ ነገር አለ። 2 ኢንች ጋልቫናይዝድ ቧንቧ፣ ከላይ ክዳን፣ ከታች ጥቂት ቀዳዳ፣ ከላይ አንድ የአየር ቀዳዳ። ውስጡ ቀጥ ያለ የእንጨት ዘንግ፣ ከታች ደግሞ የደቀቀ ቡሽ። የወይን ጠርሙስ ቡሽ በሞረድ መፍጨት ይበቃል። ውሃው ሲወጣ ቡሹ ይንሳፈፋል፣ ሲወርድ ጫፉ ላይ ዘንጉን ይዞ ይቀራል። ዘንጉን አውጥታችሁ ለኩ፣ ጥረጉ፣ ቀኑን ጻፉ፣ ቡሽ ጨምሩ። የቧንቧው የታች ጫፍ ከፍታ በሌቭል የታወቀ ይሁን።

ከጎርፍ በኋላ ግንቡ ላይ የቀረውን የቆሻሻና የጭቃ መስመር በማግሥቱ ሳይዘንብ በቀለም ምልክት አድርጉ። በሦስት መቁረጫ ላይ ከፍታውን በሌቭል ካነበባችሁ የውሃውን ዝንባሌ ታገኛላችሁ፤ በማኒንግ ቀመር ፍሰቱ ይሰላል። ግን ቀመሩ ውስጥ የሚገባውን የአልጋውን ሻካራነት ቁጥር ተጠንቀቁ። 9 ሜትር ስፋት፣ 2.5 ሜትር ጥልቀት፣ 0.015 ዝንባሌ ላይ 0.04 ካላችሁ 95 ሜትር ኩብ በሰከንድ ይመጣል፣ 0.05 ካላችሁ 76። ሁለቱንም ጻፉ፤ አንዱን ብቻ የሚጽፍ ሰው የሌለውን እርግጠኝነት ነው የሚያወርሰው።

ውሃ ልክ — ግንቦት 8፣ ከጠዋቱ 2፡45

ሬቲንጉ አንዴ ከተሠራ ለዘላለም ነው ብላችሁ እንዳትይዙ። የድልድዩን ሥር ቆሻሻ ሲዘጋው ያው ፍሰት ከፍ ብሎ ይነበባል፤ ግራፉ ላይ ዝናብ ሳይኖር ውሃው ቀስ እያለ ይወጣና ቆሻሻው ሲጸዳ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ያን የመሰለ መውረድ በተፈጥሮ አይመጣም። በወራጁ በኩል አዲስ ግንብ ከተሠራ፣ ድንጋይ ከተነሳ ወይም ወንዙ ከተጠረገ ቀኑን መዝግቡና ሦስት አዲስ ልኬት አድርጉ፤ ከድሮው ከርቭ በ10 በመቶ ከራቁ አዲስ ከርቭ ጀምሩ። ከአንድ ቦታ በስልክ በየሳምንቱ ወደ ላይና ወደ ታች ፎቶ ማንሳት ከብዙ ማስታወሻ ይበልጣል።

እንጦጦ ሥር — ግንቦት 8፣ ከቀኑ 6፡20

ጣቢያው ካለ ለዳር ነዋሪውም ይድረስ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋ ላይ ደቻቱ ሰው በተኛበት ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። የእኛም ወንዞች ዳር ሰው ይተኛል፣ ልጆች ይጫወታሉ፣ ልብስ ይታጠባል። ድልድዩ ላይ ያለ ሴንሰር ግን ውሃው ሲደርስ ነው የሚናገረው። ማስጠንቀቂያ ከተፈለገ ሁለተኛ ትንሽ ጣቢያ ከላይ፣ ወደ እንጦጦው ግርጌ፣ ከባለ 0.2 ሚሊ ሜትር የዝናብ መለኪያ ጋር። ደወሉን በከፍታ ብቻ አታስሩት፤ በ5 ደቂቃ 20 ሴንቲ ሜትር ከጨመረ ይላክ። ሁለት ተከታታይ ንባብ ሳያረጋግጡት ግን አይውጣ፤ ሁለት ጊዜ በሐሰት የጮኸ ደወል በሦስተኛው አይሰማም። መልእክቱ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ይሁን፣ ኢንተርኔት ዝናብ ላይ ይቆራረጣል። ከኢትዮ ቴሌኮምም ከሳፋሪኮምም ሲም ብታስገቡ ጥሩ ነው።

ቀበና ማዶ — ግንቦት 9፣ ከምሽቱ 1፡10

ሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልን። የወሰንነው እንዲህ ነው። በዚህ ሳምንት ቤንችማርክና ስታፍ ጌጅ፣ በሚቀጥለው የቡሹ ቧንቧ፣ ራዳሩ ከግንቦት 25 በፊት፤ ከረንት ሜትር በኪራይ። ሎገሩ ላይ የጫንነው ጊዜያዊ ቀመር 1.7 ሲባዛ 8፣ ሲባዛ የጌጁ ንባብ በ1.5 ኃይል ነው። ለሙከራ ጌጁ 1.10 ሲያነብ 15.7 ሜትር ኩብ በሰከንድ ሰጠን። ልክ ነው?

ክረምት በጋ — ግንቦት 9፣ ከምሽቱ 1፡45

አይደለም። የንጣፉ ጫፍ ጌጁ ላይ 0.50 ነው፤ መጀመሪያ እሱ ይቀነስ። ከጫፉ በላይ ያለው 0.60 ብቻ ነው፤ ፍሰቱም 6.3። ቀመሩ ውስጥ 0.50ን ቁጥር አድርጋችሁ አትቅበሩት፤ ከውጭ የሚስተካከል መለኪያ አድርጉት፣ ከመስቀል በኋላ ጫፉን በሌቭል ስታነብቡት ተሸርሽሮ 0.48 ልታገኙት ትችላላችሁና። ንባቡ ከ0.50 በታች ሲሆንም ሎገሩ ዜሮ ሳይሆን «ይፈተሽ» ብሎ ይመዝግብ።